ጸጥታ ፍለጋ በጀነሬተር

ሰው ጸጥታ ሲያምረው ምን ይገዛል? አንዱ የጆሮ መድፈኛ ይገዛል። አንዱ ወፍራም መጋረጃ ያሰቅላል። ደህና አቅም ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት ይገዛል። እኔ ጀነሬተር ገዛሁ። አትሳቁ፤ ገና ምኑ ተነካና።

ነገሩ የሚጀምረው ከሚስቴ እንቅልፍ ነው። ሶስና በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ናይት ሺፍት ትሠራለች። ማታ ሰው ሁሉ ወደ አልጋው ሲሄድ እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲሯሯጥ እሷ ግድግዳ እየተደገፈች ትገባለች። የምንኖረው ደግሞ በሰው አገር፣ ኤግሊንተን ዌስት በሚባል ጎዳና ላይ፣ መስኮታችን ወደ ዋናው መንገድ በሚያይ አፓርታማ ነው። ኤግሊንተን ለባቡር ተብሎ ሲቆፈር፣ ሲደፈን፣ የተደፈነው ተመልሶ ሲቆፈር የኖረ መንገድ ነው። ባቡሩ መጣ አልመጣ ስንል ከታችን ያለው ፀጉር ቤት ስንት ጊዜ ባለቤት ቀየረ። የባቡሩ ቁፋሮ አለቀ ሲባል የውሃ ቧንቧ ይመጣል፤ ቧንቧው አለቀ ሲባል ከጎን አዲስ ፎቅ ይጀመራል። ሶስና ትራሱን ከሥር ሳይሆን ከላይ አድርጋ ትጋደማለች። ተኛች ለማለት ግን አፌን ይይዘኛል፤ ዓይኗን ጨፍና ድሪሉን ታዳምጣለች ብል ይሻላል።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «አንድ ሳምንት ብቻ» አለችኝ።

«ምን አንድ ሳምንት?»

«ማንም የማይቆፍርበት ቦታ ውሰደኝና ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም። መሄጃው ገደል ይሁን፣ ጫካ ይሁን፣ ግድ የለኝም። መተኛት ነው የምፈልገው።»

ሶስና ይሄን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ይህ ይደረግልኝ ብላ አታውቅም። ዓይኗ ሥር የጠቆረውን አየሁት። «እኔ ልሙትልሽ፣ ትተኛለሽ» አልኳት። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ደህና ባል ቢሆን ሆቴል ይይዝና ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ለብሩክ ነገርኩት። ብሩክ ጓደኛዬ ነው፤ ኢቶቢኮ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ የሁላችንም ሱፐርቫይዘር ነው። «ሆቴል ምን ያደርግልሃል? አርቪ ግዛ» አለኝ። አርቪ ማለት አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ መታጠቢያው ሁሉ በሆዱ ያለ ትልቅ መኪና ነው። እናቴ በስልክ ሳስረዳት «ቤቱ እሺ፤ መሬቱን ማን ሰጠህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የብሩክ የሥራ ባልደረባ የሚሸጠው አሮጌ አርቪ ነበረና ተጎትቼ ሄጄ ገዛሁት። የራሱ ጀነሬተር እንደነበረው፣ አሁን ግን እንደማይነሳ ሻጩ በትሕትና ነገረኝ። ምን ቸገረኝ፣ አርቪ ይዘው የሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ አይደል ብዬ አለፍኩት።

ካምፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ግን የኤሌክትሪክ ቦታውን ሰው ገና በረዶ ሳይቀልጥ ነው ተሻምቶ የሚይዘው። እዚህ አገር ሰው ሐምሌ ላይ የት እንደሚዝናና የሚያውቀው ካፖርት ለብሶ ነው። እኔ ስደውል የቀረው ሐይቅ ዳር ያለ፣ ዛፍ የሌለበት፣ መብራት የሌለበት ቦታ ብቻ ነው። ያ አሮጌ አርቪ ደግሞ በሐምሌ ፀሐይ ያለ ኤሲ፣ ማለትም ያለ አየር ማቀዝቀዣ፣ ማንንም አያስተኛም። ኤሲው መብራት ይፈልጋል፤ ሶስና ኤሲ ትፈልጋለች፤ እኔ ስለዚህ ጀነሬተር እፈልጋለሁ።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ አንዱን ብገዛ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባላወራኋችሁ። ስህተቴ ማማከሬ ነው። እኛ ደግሞ ካማከርን አንድ ሰው አናማክርም።

ብሩክ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰ። «ኢንቨርተር ነው የምትገዛው፤ አለቀ። ሪሰርች አድርጌበታለሁ።» ኢንቨርተር የሚባለው ጀነሬተር ሥራው ቀለል ሲል ሞተሩን ዝቅ የሚያደርግ፣ ሥራው ሲበዛ ከፍ የሚያደርግ፣ ቤንዚን የሚቆጥብና አጠገቡ ቆመህ ወሬ የምታወራበት ዓይነት ነው። የሚሰጠው መብራት የተስተካከለ ስለሆነ ስልክና ላፕቶፕ አያበላሽም። «ትረስት ሚ፣ ሶስና ቀርቶ ወፍ አይነቃም» አለ ብሩክ። ያኛው፣ የጥንቱ ዓይነት ጀነሬተር ግን አንድ አምፖልም ይብራ አንድ ሰፈር፣ ሁሌም በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ነው የሚሠራው።

ተስማማሁ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ልሄድ ስል ጋሼ መንገሻ ሰሙ።

ጋሼ መንገሻ የሶስና አጎት ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት በስደት መጥተው ኢስት ዮርክ ሰፈር ነው የሚኖሩት። መሃል ላይ ጥቂት ዓመት አዲስ አበባ ተመልሰው ግሮሰሪ ከፍተው ነበር፤ ቢራ የሚጠጣባት ትንሽ ቤት። እሷን ዘግተው ከመጡ ቆይተዋል፤ ወሬዋን ግን አልዘጉትም። የግሮሰሪዋ ዝና ደግሞ ጀነሬተሯ ነው።

«ኢንቨርተር?» አሉኝ በስልክ። «ድምፅ የለውም የሚሉት?»

«አዎ ጋሼ፣ ጥሩነቱ እሱ ነው።»

«ዝም ካለ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

እሳቸው ቀጠሉ። «እኔ ግሮሰሪ እያለሁ መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ የእኔ ማሽን በር ላይ ይነሳል። ዱ ዱ ዱ ዱ! ሰው ከየት እንደሚመጣ አትጠይቀኝ። ድምፁን ሰምቶ ነዋ! ቀዝቃዛ ቢራ መኖሩን አወቀ፣ ሙዚቃ መኖሩን አወቀ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ድምፅ የሌለው ገዛ። ማን ገባለት? ማንም! ሰው ዘግቷል ብሎ ያልፈው ነበር።»

«ጋሼ፣ እኛ ደንበኛ እንዲመጣ አይደለም፤ ሶስና እንድትተኛ ነው።»

«የሚያስተኛት ኤሲው ነው። ኤሲውን የሚያዞረው ጉልበት ነው። ጉልበት ያለው ነገር ይሰማል።»

ለእሳቸው እምቢ ማለት የማልችልበት ምክንያት አለኝ። ሶስናን ለማግባት ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ አባቷን ተክተው የተቀመጡት ጋሼ መንገሻ ናቸው። ሽማግሌዎቼን ደጋግመው አመላልሰው፣ ቆመው አስጠብቀው፣ በመጨረሻ «ሰጥተናል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሚስቱን የሰጠውን ሰው በጀነሬተር ጉዳይ የሚያስቀይም ካለ እኔ አይደለሁም። ብሩክንም ማስቀየም አልፈለግኩም። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤ ሱቅ ሄድኩ፤ ያም ሁለተኛው ስህተቴ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ዓይነቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ኢንቨርተሩ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መያዣ ያለው ነው። ጋሼ መንገሻ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ዘረጉልኝና «ይሄ ሻንጣ ነው» አሉ። ያኛው የብረት ፍሬም፣ ጎማና እጀታ ያለው፣ ሰው ሲያየው የሚከብደው ነው። ዙሪያውን ዞሩት፣ ታንኩን በጣታቸው አንኳኩት፣ ጎንበስ ብለው የጭስ መውጫውን አሸተቱት። ከዚያ ሻጩን ጠርተው አስነሳልኝ አሉት። ሻጩ እዚህ ውስጥ ማስነሳት ክልክል ነው አላቸው።

«ሳይሰማ ይገዛል?» አሉኝ በአማርኛ፣ እኔ የከለከልኳቸው ይመስል።

ብሩክ ስልኩን አውጥቶ ንጽጽር ያነብብልኛል፤ ጋሼ መንገሻ ስለ ግሮሰሪያቸው ያወሩልኛል፤ እኔ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ። ሻጩ አዘነልኝ መሰለኝ «ለመሆኑ ምን ልታሠራበት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁላችን ይህን ለመጠየቅ ያሰበ እሱ ብቻ ነው።

«የአርቪ ኤሲ» አልኩት።

«እንግዲያው ትንሹ ብቻውን አያስነሳውም» አለ። ኤሲ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ትንሹ ኢንቨርተር እሱን አይችለውም። ሁለት ኢንቨርተር በገመድ ተያይዘው ግን ይችሉታል፤ ወይም ትልቁን መውሰድ ነው።

«ሁለት!» አለ ብሩክ። «ፓራለል እናደርጋቸዋለን።»

«ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለ ሻጩ። እኛ የምንሄደው ቅዳሜ ነው። ጋሼ መንገሻ ኮታቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ሰው ሲያሸንፍ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃሉ።

«ድምፁስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሙሉ በሙሉ ጅል እንዳልባል።

«ከሣር ማጨጃ ብዙ አይበልጥም» አለኝ። እኔ አፓርታማ ነው የምኖረው፤ ሣር አጭጄ አላውቅም። እሺ ብዬ ገዛሁት።

ለሶስና ዝርዝሩን አልነገርኳትም። ብቻ «የመብራቱ ነገር አልቋል፣ አታስቢ» አልኳት፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የተጓዡም ቁጥር በዚያው አደገ። ጋሼ መንገሻ «ማሽኑን ማን ያስነሳላችኋል?» ብለው መጡ። ብሩክ ደግሞ «ለባክአፕ» ብሎ ድንኳኑንና ትርፍ ቤንዚኑን በራሱ መኪና ጭኖ ተከተለን። ሁለት ሰው ሆነን ተነስተን አራት ሆነን ደረስን፤ በእኛ ልክ ይሄ ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ሶስና ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። መንገዱን ሁሉ አጠገቤ ቀበቶዋን አስራ ራሷ እየወደቀ እየተነሳ ተጓዘች። እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ሐይቁን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በቀጥታ ወደ ኋላ አልጋው ላይ ወጣችና «ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ። ድብ ቢመጣ እንኳ ቀስ ብለህ ሂድ በሉት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ውስጡ ከአሁኑ ይጋገራል። ጀነሬተሩን አውርደን፣ ጭሱ ወደ ሶስና እንዳይገባ ጅራቱን ወደ ማዶ አዙረን አስቀመጥነው። ወደ ማዶ ማለት ወደ ጎረቤት ማለት መሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበ። ጋሼ መንገሻ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን አስደግፈው ገመዱን ሳቡት። ደግመው ሳቡት።

ተነሳ።

እኔ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሐይቁ ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ባንድነት ብድግ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ በራሱ መሄድ ጀመረ። ጋሼ መንገሻ ፊታቸው በርቶ በአፋቸው አንድ ነገር አሉኝ።

«አልሰማሁም!» አልኳቸው።

ጆሮዬ ድረስ ቀርበው «ይሄ ነው ማሽን!» አሉ።

ሮጬ ገባሁ። በቃ ሶስና ተነስታለች፣ በቃ ትዳሬ አበቃ ብዬ ነው። ሶስና ዓይኗን ሳትገልጥ «መስኮቱን ዝጋው፤ ጀመሩ ደግሞ» አለችና ትራሱን አንስታ ጭንቅላቷ ላይ ጫነችው። ኤግሊንተን ያለች መስሏታል። እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ኤሲው መንፋት ጀመረ። ቀስ በቀስ ትራሱ ከእጇ ወደቀ፣ ክንዷ ከአልጋው ወርዶ ተንጠለጠለ፣ አፏ ትንሽ ተከፈተ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ስትተኛ ካየኋት! ልክ ልጅ ሆና ተኛች። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ብሩክ ይስቅብኛል፤ ግን አቅርሯል።

ስወጣ አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ ከደጃችን ቆማለች። ስሟ ሊንዳ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅነው። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ኮፍያ ያደረገች፣ መጽሐፍ ውስጥ ጣቷን ከትታ ገጹን የያዘች ሴትዮ ናት። አርቪዋ ከጎናችን ነው፤ የጀነሬተሩ ጅራት ያየው ወደ እሷ ወንበር ነው። ተናገረች፤ አልሰማንም። እኛ ተናገርን፤ አልሰማችም። በመጨረሻ በእጇ ጆሮዋን አሳየችን፣ ማሽኑን አሳየችን፣ ሰማዩን አሳየችን። አፈርን። ብሩክ ሮጦ አጠፋው።

እሷ ገና ወንበሯ ላይ ሳትደርስ አርቪው ውስጥ ሙቀቱ ተመለሰ። ሶስና ስትገላበጥ ሰማኋት። «ሞቀኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለቅሶ ለቅሶ ይላል። ምን ላድርግ? አስነሳሁት። ሶስና ጸጥ አለች፤ ሊንዳ ተመልሳ መጣች። አጠፋነው፤ ሊንዳ ሄደች፤ ሶስና ተገላበጠች። በሁለት ሴቶች መሃል እንዲህ ስመላለስ ሊንዳ ነገሩ ሰለቻትና ስልኳን አነሳች።

ብዙም ሳይቆይ የካምፑ ተቆጣጣሪ በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ጌሪ ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደና ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ያን ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር ቢያንስ ተሰማማን። ሕጉን በትዕግሥት ነገረን። ጀነሬተር ቀን ቀን ይፈቀዳል፤ ጎረቤት ካልተቃወመ ብቻ። ጎረቤት ከተቃወመ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ዕቃ ተሰብስቦ ይወጣል። ሌላ ባዶ ቦታ ደግሞ የለም።

ከውስጥ ሶስና «ምንድነው?» ስትል ሰማሁ። መውጣት ማለት ወደ ኤግሊንተን መመለስ ማለት ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር፣ እሱኑ ግማሽ ቀን እንኳ ሳልሰጣት።

«በቃ ተጠቅልለን እንሂድ» አልኩ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ መንገሻ። «ጎረቤት ከፈቀደች ይቻላል ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላካል።»

ብሩክ «ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ዝም ብሎ ሶሪ ይባላል» አላቸው።

«ሶሪ በእግር ለረገጥከው ሰው ነው። የሰው ሰላም ነስተን በሶሪ?» አሉና መኪና ውስጥ የሰቀሉትን ኮት አወጡ። በዚያ ሙቀት ኮት ለበሱ፣ እስከ ላይ ቆለፉ። ብሩክ አስተርጓሚና ሁለተኛ ሽማግሌ ሆነ። እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ መሄድ አልችልም። «ሁለት ሰው ሽማግሌ አይባልም፤ ሦስተኛ ያስፈልጋል» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው የጌሪ ጢም ላይ አረፈ። ጠጋ ብለው ክንዱን ያዙት። «ይሄ ሽበት ይበቃል» አሉ።

ጌሪ ለማስጠንቀቂያ የመጣ ሰው ነው። ግን ጋሼ መንገሻ አንዴ ክንድ ከያዙ አይለቁም። ብሩክ «ከእኛ ጋር መጥተህ አብረኸን ትቆማለህ፤ ምንም አትናገርም» ሲለው «እሺ፤ መቆም እችላለሁ» አለ።

ሶስና እንዳትነቃ ብለው ከመሄዳቸው በፊት ማሽኑን አስነሱት። ስለዚህ ያ ሽምግልና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጩኸት ነው የተካሄደው። እኔ አርቪው ጥግ ተደብቄ እያየሁ ነው። ሦስቱ ተሰልፈው ሲመጡ ሊንዳ መጽሐፏን አጠፈች። ወንበር አሳየቻቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» ብለው ጮኹ ጋሼ መንገሻ። እንግሊዝኛ አጥተው አይደለም፤ ሽምግልና የሚያምረው በአማርኛ ነው ብለው ነው።

«መቀመጥ አይችሉም!» ብሎ ተረጎመ ብሩክ።

«ወገባቸውን ነው?» አለች ሊንዳ።

ጋሼ መንገሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጀመሩ። ከየት ቤተሰብ እንደመጡ፣ ሶስና የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው አክባሪ እንደነበረች፣ ሌሊት ሌሊት የሰው እናትና የሰው አባት ስትገላብጥ እንደምታድር፣ ቀን መንገዱ እየተቆፈረ እንቅልፍ እንዳጣች ተናገሩ። ብሩክ አንዱን ትቶ አንዱን እየተረጎመ ይጮኻል። ጌሪ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎታል፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

«ዛሬ ከደጅዎ የቆምነው» አሉ በመጨረሻ፣ «እንቅልፍ ልንለምንዎ ነው። ልጃችን ተኝታለች። እስክትነቃ ድረስ ይታገሱን።»

ሊንዳ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ጌሪን አየች። «እስቲ ላስብበት» አለች።

ብሩክ ሲተረጉም ፊቱ ወደቀ። ጋሼ መንገሻ ግን በደስታ ወደ እኔ ዞረው «ሥርዓት ታውቃለች!» ብለው ጮኹ። ደህና ቤተሰብ መጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ አስበን እንነግራችኋለን ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፣ የጌሪ መኪና ድረስ ደርሰው ቆሙ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ እንደ አዲስ ተሰልፈው ተመለሱ። ሊንዳ ይሄኔ ቆማ ነው የጠበቀቻቸው።

«ለምን መጀመሪያውኑ አልነገራችሁኝም?» አለች። «እኔ ፓርቲ ልትጀምሩ መስሎኝ ነበር። ሟቹ ባሌ የባቡር ሹፌር ነበር፤ የሌሊት። ቀን እንዲተኛ ልጆቼን ዝም በሉ፣ ዝም በሉ ስል ነው ያረጀሁት። ሰው በቀን ማስተኛት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ብሩክ ተረጎመ። ጋሼ መንገሻ የቀረበላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጌሪም ተቀመጠ፤ ደክሞት ነበር መሰለኝ።

ሊንዳ ሁለት ነገር ነበር የጠየቀችው። የጭሱ አቅጣጫ ከእሷ ይዙር፤ እና ሲመሽ ይጥፋ። ጋሼ መንገሻ ተነስተው መረቋት። «ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ የባልዎን ነፍስ ይማርልን፣ ልጆችዎን ይባርክልዎት፣ ይህን ውሻዎን ሳይቀር ይባርክልዎት!» ብሩክ በየመሃሉ አሜን በሉ ይላቸዋል። ሊንዳም ጌሪም አሜን አሉ። ውሻውም ጮኸ፤ በማሽኑ ይሁን በምርቃቱ አላውቅም።

ከሰዓቱ እንዲህ አለፈ። ሊንዳ ወንበሯን ወደ እኛ አምጥታ፣ ከያዝነው ዳቦና ምስር ቀምሳ፣ ከጋሼ መንገሻ ጋር በጩኸት ስለ ግሮሰሪና ስለ ባቡር ተጫወቱ። ጌሪ ሥራውን እየዞረ በየመሃሉ «ተኝታለች?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። «ተኝታለች» ስለው አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ሌሎች ካምፐሮችም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ በእኛ በኩል ሲያልፉ በእግር ጣታቸው ይሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ማሽን እያጓራ፣ እነሱ ቀስ ብለው ይረግጣሉ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጀነሬተሩ አሳለው። ደግሞ አሳለው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ቤንዚን! ብሩክ ትርፉን ሊያመጣ ሮጦ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ፤ ለካ ቀን ላይ ጨምረን ጨርሰነዋል። «ያሰላሁት በኢንቨርተር ፍጆታ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን አርቪውን አየን። ሊንዳ የውሻዋን አፍ ያዘች። እኔ በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ ገባሁ። ሶስና በጀርባዋ ተንጋልላ ታንኮራፋለች። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። አንሶላውን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት። ማሽን የለ፣ ቁፋሮ የለ፤ ውሃው ዳርቻውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። አልነቃችም። ወጥቼ በእጄ ምልክት ሳሳያቸው ጋሼ መንገሻ ተነስተው አማተቡ። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሶስና የተነሳችው በማግስቱ ጠዋት ነው። እኛ ከሊንዳ ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። በሩ ተከፈተና ፀጉሯ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሞ ወጣች። ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ሳስቷል። ሐይቁን ገና አሁን አየችው። ቆማ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ከዚያ ጥግ ላይ የቆመውን ማሽን አየችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ማሽን ላስነሳ ብለው አብረውን ሲመጡ እንዴት ያለ የሚያጓራ ነገር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ይሄማ ጭራሽ ድምፅ የለውም! ትናንት ሙሉ ቀን አንድ ነገር አልሰማሁም።»

ጋሼ መንገሻ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። በዕድሜያቸው እንዲህ ተሰድበው አያውቁም።

«ድምፅ የለውም?» አሉ። «የእኔ ማሽን ድምፅ የለውም?»

ተነስተው ሄዱና እግራቸውን አስደገፉ። ሊንዳ የተባባሉት ባይገባትም እጃቸው ገመዱ ላይ ሲያርፍ አይታ ሁለቱንም ጆሮዋን ያዘች። እኔም ያዝኩ፣ ብሩክም ያዘ። ጋሼ መንገሻ ባላቸው ጉልበት ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ታንኩ ከትናንት ጀምሮ ባዶ መሆኑን ግን ማንም አላስታወሰም። ምን ተሰማ? ምንም።

ሶስና አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ ጆሯችንን ይዘን የተቀመጥነውን አየች።

«ይኸው፣ ሲነሳ እንኳ አይሰማም እኮ» አለችና፣ እያዛጋች ተመልሳ ልትተኛ ገባች።